ከካርቱም የተነሣ ስም

የነፋስ ወግ ይዤ መጥቻለሁ።

ቦታው ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ነው። ዘመኑ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ ወሩ ሰኔ። እህቶቻችን በየሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፏል። ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ሽው ሲል ደስ እንዳይላችሁ! በደቡብ በኩል ቡናማ አቧራ ከምድር ተነሥቶ ሰማዩን ይዞታል። «ሀቡብ! ሀቡብ!» ይላል ሰፈሩ። ልብስ ከገመድ ይለቀማል፣ መስኮት ይዘጋል፣ እርጥብ ጨርቅ በበሩ ሥር ይወተፋል። ቢሆንም አቧራው መግቢያ አያጣም፤ ማታ እራት ሲበላ ጥርስ መሀል ያንቀጫቅጫል።

በዐረብኛ «ሀባ» ነፈሰ ማለት ነው፤ ሀቡብም ከዚያው ወጣ። ታዲያ ይህ የገበሬና የእመቤት ቃል ከሳይንስ መጽሐፍ እንዴት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ1925 ኤል. ጄ. ሳተን የተባለ የሚትዮሮሎጂ ባለሙያ የሱዳኑን የአቧራ ማዕበል አጥንቶ በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሚትዮሮሎጂ ማኅበር መጽሔት ላይ ጻፈ። ርእሱን «ሀቡቦች» አለው። የላቲን ስም ሊያወጣለት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። በዚህ አከብረዋለሁ። ነፋሱን ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ሰዎች ስም ሰጥተውት ነበርና።

የነፋሱ ነገር እንዲህ ነው። ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ዝናብ ደረቅ አየር ሲያገኘው መንገድ ላይ ይተናል፤ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ነው፤ ቁልቁል ይወርድና ከእንስራ እንደፈሰሰ ውሃ መሬት ለመሬት ይሰራጫል፣ ያገኘውን አፈር እየጠረገ። አቧራው እስከ 1000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ደመናው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእኛው ደጋ በኩል ነው! የጎጃምና የጎንደር ሰማይ ሲያጉረመርም ካርቱም በሯን የምትዘጋበት ጊዜ አለ።

ቃሉ ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢድሶ የተባለ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ በአሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማን ስለመታ የአቧራ ማዕበል ሲጽፉ «አንድ አሜሪካዊ ሀቡብ» አሉት። ሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ በትልቅ ማዕበል ተሸፈነች፤ አንዳንድ ነዋሪዎችም «ለኛ አቧራ የዐረብ ስም ለምን?» ብለው ተቆጡ። የሚትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ቃሉን አልተዉትም። የአሜሪካ ሚትዮሮሎጂ ማኅበር መዝገበ ቃላትም ሀቡብን ሲፈታ አስቀድሞ የሚጠራው ሱዳንን፣ በተለይም የካርቱምን አካባቢ ነው፤ በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ይመታታል ይላል።