ልጆቻችሁ ዛሬ ፀሐይ አግኝተዋል? ለትንንሽ ልጆች ወላጆች የሚሆን የዕለት ተዕለት ምክር

አገራችን ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት «የ13 ወር ፀሐይ አገር» እየተባለች ለዓለም ስትተዋወቅ ኖራለች። ነገር ግን ፀሐይ በሞላባት በዚህች አገር ፀሐይ በማጣት የሚታመሙ ሕፃናት እንዳሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1997 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በአዲስ አበባ የተካሄደ አንድ ጥናት ነበር። ጥናቱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑና የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ልጆች፣ ካልያዛቸው 500 ልጆች ጋር ያወዳደረ ነው። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ በሽታ ያለባቸው ልጆች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ 13 እጥፍ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ።

ሰውነታችን አጥንትን ለማጠንከር የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ በአብዛኛው የሚያገኘው የፀሐይ ብርሃን ቆዳችንን ሲነካው ነው። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከሁሉ የሚሻል ምግብ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ብርድ እንዳይመታው፣ ምች እንዳያገኘው ወይም የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ለወራት ተሸፋፍኖ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ፣ ፀሐይ በደጁ እያለች እርሱ ይቸገራል። በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባውም ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ ቫይታሚን ዲ አታስገኝም፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋልና።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ የሚያድጉ ብዙ ልጆች ደጅ የሚባል ነገር የላቸውም። በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ መኪና ይዞታል። አባትና እናት ሥራ ይውላሉ። የቤት ሠራተኛዋም ልጁን ብቻዋን ይዛ ለመውረድ ትሰጋለች። በዚህ መካከል ቴሌቪዥንና ስልክ ሞግዚት ይሆናሉ። ይህን የምንለው የደከመ ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። ልጅን ወደ ውጭ ማውጣት ለበዓልና ለዕረፍት ቀን የሚተው ሽርሽር ሳይሆን እንደ ምግብና እንደ እንቅልፍ የየዕለቱ ድርሻ መሆኑን፣ ያለ ብዙ ወጪም ሊደረግ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

1. ምን ያህል ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሚከተለውን ይመክራል፦

- ገና መዳህ ያልጀመሩ ሕፃናት ነቅተው ባሉበት ጊዜ በቀን በጠቅላላው ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዳቸው ተኝተው እንዲጫወቱ፤
- ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ውስጥ በተለያየ ሰዓት ተከፋፍሎ ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፤
- 3 እና 4 ዓመት የሞላቸው ከዚሁ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ሩጫና ዝላይ ያለበት እንዲሆን፤
- ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥባቸው።

180 ደቂቃ ማለት 3 ሰዓት ነው። ይህን በአንድ ክፍል ውስጥ ለማሟላት የሞከረ ወላጅ ሶፋና ብርጭቆ ምን እንደሚደርስባቸው ያውቃል! ግቢ ሲሆን ግን ልጁ ማንም ሳያዘው ይሮጣል።

ከቤት መውጣት ለዓይንም ይጠቅማል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ አድርጎ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ፣ እንደ ወትሮው ከቀጠሉት 100 ልጆች 40 ያህሉ ሩቅ የማየት ችግር ሲያጋጥማቸው፣ ውጭ ከሚጫወቱት ግን 30 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

2. በየዕድሜያቸው ምን እናድርግ?

ከ1 ዓመት በታች፦ በአገራችን የጤና ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚመክሩት የጠዋቷን ፀሐይ ነው። ሕፃኑን ቅባት ሳትቀቡት፣ ልብሱን አቅልላችሁ፣ ዓይኑንና ራሱን ከልላችሁ ለጥቂት ደቂቃዎች አሙቁት። ለልጃችሁ የሚበቃውን ጊዜ ክትባት ስታስከትቡ ጠይቁ። የቀትር ፀሐይ ግን ለሕፃን ቆዳ ትበረታለች፤ በተለይ በደጋ አካባቢ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ከዚያ በኋላ በጥላ ሥር ሰሌን ወይም ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ በሆዱ አስተኙት። የቅጠሉ መወዛወዝ ብቻውን ለእርሱ ትልቅ ትርዒት ነው። ገበያ ወይም ጎረቤት ስትሄዱም በአንቀልባ አዝላችሁ ውሰዱት።

ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መድረሻ የለውም፤ መንገዱ ራሱ ጨዋታው ነው። 50 ሜትር ለመሄድ 20 ደቂቃ ቢፈጅበት አትቆጡት። ጉንዳን ያያል፣ ጠጠር ያነሣል፣ ደረጃ ይወጣና ይወርዳል። የምታስፈልጉት ከኋላው ለመጠበቅ ነው። ጠጠር፣ ብይና ቆርኪ ግን አፉ ውስጥ ከትቶ እንዳይታነቅ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ከ3 እስከ 5 ዓመት፦ አሁን ሥራ ስጡት። አትክልት ውኃ ያጠጣ፣ ዶሮዎቹን ጥሬ ይበትንላቸው፣ ልብስ ስታሰጡ መቆንጠጫ ያቀብላችሁ። ትንሽ ኃላፊነት የተሰጠው ልጅ ከቤት ለመውጣት ልመና አይፈልግም።

3. ጊዜ ከየት ይመጣል?

«ጊዜ የለንም» የምትሉ ወላጆች ብዙ ናችሁ፤ እውነታችሁንም ነው። ስለዚህ አዲስ ሰዓት ከመፈለግ ያለውን ሥራ ከልጁ ጋር መሥራት ይሻላል።

- ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ስትወስዱት ከተቻለ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱና በእግር ሂዱ።
- ከሱቅ ዳቦና ሽንኩርት ስትገዙ ይዛችሁት ውጡ። ሳንቲሙን እርሱ ይስጥ፤ መልሱን እርሱ ይቀበል።
- ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ ለግማሽ ሰዓት ወደ ግቢ ውረዱ። ስልካችሁን ቤት ተዉት።
- በአንድ ሕንፃ ያላችሁ ወላጆች ተራ ግቡ። ሰኞ አንዷ፣ ማክሰኞ ሌላዋ ልጆቹን ብትጠብቅ ለሁሉም ዕረፍት ይሆናል።
- እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወዲያው ከመበተን ይልቅ ልጆቹ በቅጥር ግቢው ግማሽ ሰዓት ይሩጡ። ሰፊ ግቢ ያላቸው አጥቢያዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራቸውን ለአካባቢው ወላጆች ቢከፍቱ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

አባቶች ሆይ፣ ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። ከወለደች ጀምሮ ቤት የዋለች እናት ራሷም አየር ያስፈልጋታል። ምሽት ላይ ልጁን ይዛችሁ ስትወጡ ሁለት ሰው ታሳርፋላችሁ።

4. ምን እንጫወት?

ውድ አሻንጉሊት አያስፈልግም። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ወይም በከሰል ይሠመራል። አኩኩሉና አባሮሽ ምንም አይጠይቁም። ገበጣ መሬት ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር መጫወት ይቻላል፤ ልጁ ሳያውቀው መቁጠር ይማርበታል። ከጨርቅና ከካልሲ የተሠራ ኳስ መስኮት አይሰብርም። እነዚህን እናንተ በልጅነታችሁ ተጫውታችኋቸዋል፤ እናንተ ካላስተማራችኋቸው ማን ያስተምራቸዋል?

ማየትና መስማትም ጨዋታ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኝ ወፍ መሆኑን ለልጃችሁ ንገሩት፤ ከዚያ በኋላ ባየው ቁጥር እርሱ ያሳያችኋል። በመስከረም አደይ አበባ ይፈልግ። ዋንዛን ከወይራ፣ ጽድን ከባሕር ዛፍ በቅጠሉ ይለይ።

5. ራቅ ብለን ስንሄድ

በወር አንድ ቀን ራቅ ማለት ከተቻለ መልካም ነው። በአዲስ አበባ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የወዳጅነት ፓርክና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይጠቀሳሉ። የመግቢያ ዋጋና ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንጦጦ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ሹራብም ኮፍያም ያዙ። «መንገድ ለሰው» በሚል በ2011 ዓ.ም. እንደተጀመረው ያለ ከመኪና ነጻ ቀን በከተማችሁ ሲኖር ደግሞ ልጅ ብስክሌት ለመልመድ ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኝም። በሐዋሳ በአሞራ ገደል፣ በባሕር ዳር በጣና ዳር መዋል ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሐይቆቹ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስለሚኖር ልጆቹ ውኃው ውስጥ ገብተው አይጫወቱ።

6. በክረምትስ?

ዝናብ አያሳምምም፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆየት ግን ልጅን ያበርደዋል። በክረምት ጠዋት ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ያባራል፤ ያን ጊዜ አታሳልፉት። የላስቲክ ቦቲ፣ አንድ ቅያሬ ልብስና ፎጣ ካለ ኩሬ ላይ መዝለል የዓመቱ ትልቅ ደስታ ነው። ሲነጎድና ሲበርቅ ግን ወዲያው ወደ ቤት ግቡ፤ ከዛፍ ሥር አትጠለሉ።

7. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

- ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የግንባታ ቦታና ከኋላ የሚመጣ መኪና ከሁሉ በፊት ይታዩ።
- በየመንገዱ ዳር የሚበቅሉት የጉሎ ፍሬና አስተናግር መርዝ አላቸው። ልጁ ማንኛውንም ቅጠልና ፍሬ ሳይጠይቅ ወደ አፉ እንዳያስገባ አስተምሩት።
- ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ በጊዜው የተከተበ ግን ይተርፋል።
- ጫማ ያድርግ፤ ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። አፈር መንካት ክፉ አይደለም፤ ወስፋት የሚይዘው ያልታጠበ እጅ ወደ አፍ ሲገባ ነው።
- አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ከፀሐይ በኮፍያና በረጅም እጅጌ ይጠበቅ፤ የጤና ባለሙያም ያማክራችሁ።
- ጥርሱ የዘገየ፣ ለመሄድ የቆየ፣ እግሩ የተወላገደ ወይም እርግብግቢቱ ሳይገጥም የቆየ ልጅ ካላችሁ ፀሐይ ብቻ አትጠብቁ፤ ለሐኪም አሳዩት። ሪኬትስ በጊዜ ከታወቀ ይታከማል።

8. በውጭ አገር ለምትኖሩ

ፀሐይን በየቀኑ ማግኘት ለማይችሉትም አንድ ነገር እንበል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምቱ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳ በቂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ልጆች ደግሞ ይበልጥ ይቸገራሉ። ስለዚህ ለሕፃናት የሚታዘዘውን የቫይታሚን ዲ ጠብታ አትዝለሉ። ይህ ማለት ግን ቤት መቀመጥ ማለት አይደለም። በስዊድንና በኖርዌይ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች በበረዶም ቀን ወጥተው ይጫወታሉ፤ ልብሱ ይደራረባል እንጂ ጨዋታው አይቀርም። በዐረብ አገሮች ላላችሁ ደግሞ በበጋው ሙቀት ወቅት ማለዳና ከመሸ በኋላ ያለው ሰዓት የልጆቻችሁ ሰዓት ይሁን።

እንግዲህ ወላጆች፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልጀምር አትበሉ። በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት ምረጡ፤ ምናልባት ከሥራ መልስ ያለውን ግማሽ ሰዓት። ለአንድ ሳምንት ሳታቋርጡ ልጃችሁን ይዛችሁ ውረዱ። በስምንተኛው ቀን ጫማውን ይዞ በር ላይ የሚጠብቃችሁ እርሱ ይሆናል።