የድመቷ ድምፅ፦ የጀማሪዎች የስልክ ፕሮግራም አጭር ታሪክ

ለእጅ ስልክ ፕሮግራም መሥራት ለብዙ ጊዜ የባለሙያዎች ሥራ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ለአንድሮይድ ስልክ አንዲት ቁልፍ ለማበጀት እንኳ ጀማሪው አስቀድሞ የጃቫን ቋንቋ ማጥናት ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ግን ጉግል «አፕ ኢንቬንተር» የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ አቀረበ። ሥራውን ከመሩት አንዱ የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ሃል አቤልሰን ሲሆኑ፣ የሐሳቡ ሥር እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ለሕፃናት ማስተማሪያ እስከተፈጠረው የሎጎ ቋንቋ ድረስ ይዘልቃል። በዚህ መሣሪያ ትእዛዝ በፊደል አይጻፍም፤ ትእዛዝ የያዙ ቁርጥራጮች እርስ በርስ ይገጣጠማሉ እንጂ። የታወቀው የመጀመሪያ ትምህርትም ቀላል ነው፤ ይኸውም የድመት ሥዕል ያለበት ቁልፍ ይቀመጣል፤ «ቁልፉ ሲነካ» በሚለው ቁራጭ ውስጥ «ድምፁን አሰማ» የሚለው ይገባል፤ ድመቷም ሚያው ትላለች። በዚህች ትንሽ ሥራ ተማሪው ፕሮግራም የሰውን ድርጊት ጠብቆ ምላሽ እንደሚሰጥ ይረዳል።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጉግል አገልግሎቱን ዘጋ። የፕሮግራሙ ምንጭ ለሁሉ ክፍት ባይደረግና ኤም አይ ቲ ተረክቦ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ባያቀርበው ኖሮ፣ የመምህራኑ ድካም በከንቱ በቀረ ነበር። ስለሆነም የማስተማሪያ መሣሪያ ዕድሜ በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደማይገባው ይህ ታሪክ ያስረዳል።