ችላ የተባሉ ፌሬቶችን ማዳን

ፌሬት ከአውሮፓ ፖልካት የተገኘና ሰው ከ2000 ዓመት በላይ ሲያረባው የኖረ ትንሽ ሥጋ በል የቤት እንስሳ ነው። ሰውነቱ ረጅምና ቀጭን፣ እግሩም አጭር ነው። ወንዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ሴቷ ግማሹን ያህል ናት። በኢትዮጵያ የሚኖረው ዞሪላ የተባለው ባለ ነጭ መስመር አውሬ የሩቅ ዘመዱ ነው።

በብሪታንያ ፌሬት ጥንቸልን ከጉድጓዷ ለማስወጣት ዛሬም ያገለግላል። በአሜሪካ በብዛት የሚያዘው ለቤት ውስጥ ጓደኝነት ነው፤ በካሊፎርኒያና በሃዋይ ግን ማሳደጉ በሕግ የተከለከለ ነው። ወደ እንስሳት መጠለያ የሚገቡት በአደን ጊዜ የጠፉ፣ ባለቤታቸው የሰለቻቸው ወይም በጎጆ ውስጥ ተዘግተው የተረሱ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ከጭካኔ ሳይሆን ፌሬትን እንደ አይጥ ወይም እንደ ትንሽ ድመት ከመቁጠር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲስ የገባ ፌሬት ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆያል። ዋናው ምክንያት የውሻ ዲስቴምፐር ነው፤ ይህ በሽታ ያልተከተበን ፌሬት ከያዘ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገድለዋል። ፌሬት የሰው ኢንፍሉዌንዛም ስለሚይዘው ጉንፋን ያለበት ተንከባካቢ ባይጠጋው ይመረጣል። ከዚያ ቁንጫ፣ የጆሮ ቅንቅን፣ ከመጠን በላይ ያደገ ጥፍርና የተጎዳ ጥርስ ይታያል። ሽታው ቢከብድም ደጋግሞ ማጠብ አይጠቅምም፤ ቆዳው ቅባቱን ሲያጣ ይደርቃል፣ ሽታውም ይብሳል። ክፍሉ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ፌሬት በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ሙቀት ሊገድለው ይችላል።

ምግብ

አንጀቱ አጭር በመሆኑ ምግብ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ያልፍበታል። ስለዚህ የተራበ ፌሬት በአንድ ጊዜ ብዙ አይሰጠውም፤ ለብ ያለ የሥጋ ፍትፍት በትንሽ በትንሹ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይቀርብለታል። ፍራፍሬ፣ ዳቦና ወተት ለእሱ የሚሆኑ ምግቦች አይደሉም።

እዚህ ላይ ብዙ አዲስ ተንከባካቢዎች ይሳሳታሉ። ፌሬት ምግብን በሽታው የሚለየው በሕይወቱ የመጀመሪያ ወራት ውስጥ በለመደው ነው። ደረቅ መኖ ብቻ እየበላ ያደገ እንስሳ ጥሩ ሥጋ ፊቱ ተቀምጦ ሊራብ ይችላል። በመሆኑም የቀድሞው ባለቤት ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ያበላው እንደነበር ነው፤ አዲሱ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተደባለቀ ቀስ በቀስ ይተካል።

ያልመከነች ሴት

በጣም አስቸኳዩ ጉዳይ ይህ ነው። ሴቷ ፌሬት እንቁላል የምትለቀው ከወንድ ጋር ስትገናኝ ብቻ ነው። ካልተገናኘች በስሪያ ፍላጎት ላይ ለወራት ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ በሰውነቷ የሚበዛው ኤስትሮጅን የአጥንት መቅኔዋን ያዳክምና ለሞት የሚያበቃ የደም ማነስ ያስከትላል። የብልቷ እብጠት፣ የጅራቷ ፀጉር መርገፍና የድድ መንጣት ምልክቶች ናቸው። መፍትሔው ማምከን፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ደስሎረሊን የተባለ መድኃኒት፣ ወይም የዘር ቱቦው ከተቆረጠ ወንድ ጋር ማገናኘት ነው። ድዷ ከነጣ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደገኛ ስለሚሆን ሐኪሙ አስቀድሞ ደሟን ይመረምራል።

መንከስ

የሚናከስ ፌሬት አሳዳጊ አያገኝም፤ አንዳንዱም በዚሁ ሰበብ ይገደላል። ንክሻው አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃት፣ ከሕመም ወይም ካለመለማመድ የሚመጣ ነው። በተለይ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ያለው ወይም ጭንቅላቱ በሙሉ ነጭ የሆነ ፌሬት ደንቆሮ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ድንገት ከኋላ ሲነካ ደንግጦ ይነክሳል። መምታት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ተንከባካቢዎች በቀን ጥቂት ደቂቃ እየያዙት፣ የሚወደውን ምግብ ከእጃቸው እያላሱት ያለማምዱታል። ለአንዳንዱ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ፤ በሌላው ላይ ወራት ይወስዳል።

ጤናማ ፌሬት በቀን ከ14 ሰዓት በላይ ይተኛል። እንቅልፉ አንዳንዴ እጅግ ከባድ ስለሆነ የሞተ ይመስላል፤ ይህም አዲስ አሳዳጊዎችን ደጋግሞ ያስደነግጣል። ሲነቃ ጀርባውን አጉብጦ ወደ ጎን እየዘለለ፣ እንደ ዶሮ እየተንኳኳ ከተጫወተ ማገገሙን ያሳያል። አብረው የገቡና የተላመዱ ሁለት ፌሬቶች ከተቻለ ለአንድ ቤተሰብ ይሰጣሉ። ፌሬት ጎማና ስፖንጅ እየቆረጠ ስለሚውጥና አንጀቱ ስለሚዘጋ፣ ከመረከባቸው በፊት አዲሱ ቤት ለዚህ ይፈተሻል።