ቅዳሜን ያረከሱት ሰዎች

ለንደን የሚኖር አንድ ወጣት ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ አንዲት የጀርባ ቦርሳ አንግቶ ወደ ሊዝበን ወይም ወደ ፕራግ ይበራል። ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ሙዚየም አይቶ፣ ቢራውን ጠጥቶ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ይገኛል። ለአውሮፕላኑ የከፈለው ገንዘብ አንዳንዴ ከኤርፖርት መሀል ከተማ ለሚያደርሰው ባቡር ከከፈለው ያንሳል። ቢሾፍቱ ወርደን ለመመለስ ሳምንት ሙሉ የምንመካከር እኛ ነገሩ ቢገርመን አይፈረድብንም።

እንዴት ሊሆን ቻለ ሲባል ብዙው ሰው «ቴክኖሎጂ ነዋ!» ብሎ ይገላገላል። እኛ ግን አይመስለንም። የእነዚህ ርካሽ አየር መንገዶች ዋና መሣሪያ የሆነው ቦይንግ 737 መንገደኛ መጫን የጀመረው በ1968 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አውሮፕላኑ ነበረ፣ ወጣቱም ነበረ፣ ቅዳሜም ነበረች። ያልነበረው ፈቃድ ነው። የርካሽ ትኬት ታሪክ ከሞተር ይልቅ የሕግ ታሪክ ነው።

የተቆለፈ ሰማይ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በ1944፣ መንግሥታት ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ፈረሙ። አንቀጽ 1 እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉና ብቸኛ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህ ማን ከየት ወደ የት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር የሚወሰነው መንግሥታት ሁለት ሁለት ሆነው በሚያደርጉት ድርድር ሆነ። ዋጋውንስ? እሱን የሚተምኑት አየር መንገዶቹ ራሳቸው ነበሩ። በ1945 ሀቫና ላይ በተመሠረተው ማኅበራቸው፣ በአያታ በኩል ተቀምጠው ይስማማሉ፤ መንግሥታት ያጸድቃሉ። የበርበሬ ነጋዴዎች መርካቶ ላይ ተሰብስበው እንዲህ ቢያደርጉ ወንጀል ነው ይባላል። ሰማይ ላይ ግን ሥርዓት ተባለ።

ያ ሥርዓት ቅዳሜን ሳይቀር ይቆጣጠር ነበር። ቅናሽ ያለው ትኬት የሚፈልግ ሰው ደርሶ መልስ መግዛትና የቅዳሜን ሌሊት በሄደበት ማደር ይጠበቅበታል። ለንግድ ጉዳይ የሄደ ሰው ደግሞ ቅዳሜን ከቤተሰቡ ጋር መሆን ስለሚፈልግ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። አየር መንገዶቹ ብዙ መክፈል የሚችለውን ከማይችለው የሚለዩባት ወንፊት ቅዳሜ ነበረች።

ዓርብ ማታ በ10 ዶላር

ቁልፉን መጀመሪያ የነቀነቁት አሜሪካኖች ናቸው። እዚያ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሚደረገውን በረራ መስመርና ዋጋ የሚወስን የፌዴራል ቦርድ ነበር። የቦርዱ ሥልጣን ግን በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ብቻ የሚደረገውን በረራ አይነካም። በዚህች ቀዳዳ በ1949 ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሾለከ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ሮሊን ኪንግና ጠበቃው ኸርብ ኬለኸር በ1967 በኋላ ሳውዝዌስት የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ነባሮቹ አየር መንገዶች ወዲያው ፍርድ ቤት ገተሯቸው። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ የመጀመሪያው አውሮፕላን የተነሣው ጁን 18 ቀን 1971 ነው፤ ዋጋው 20 ዶላር።

እዚህ ላይ ነው የዓርብ ማታ ነገር የሚመጣው። ከአውሮፕላኖቻቸው አንዱ ዓርብ ማታ ከሂዩስተን ወደ ዳላስ ለጥገና ባዶውን ይመለስ ነበር። ባዶውን ከሚመለስ ብለው በ10 ዶላር ሸጡት፤ ሞላ። በ1972 ገንዘብ ሲያጥራቸው ከአራት አውሮፕላኖች አንዱን ሸጡና የአራቱን ሥራ በሦስቱ ለመሥራት ቆረጡ። ዘዴው አውሮፕላኑ ባረፈ በ10 ደቂቃ ውስጥ አራግፎ፣ ጭኖ እንዲነሣ ማድረግ ነበር። ይህን ለመረዳት የአቪዬሽን ትምህርት አያስፈልግም። ማንኛውም ወያላ ያስረዳችኋል፦ ጥያቄው በቀን ስንት ቢያጆ ተሠራ ነው፤ ቆሞ የሚያተርፍ መኪና የለም። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአየር መንገዶችን ገበያ ነጻ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ፤ ዋጋ ሲተምን የኖረው ቦርድም በ1984 መጨረሻ ተዘጋ።

29 ፓውንድ

አውሮፓ ዘገየች። እንግሊዛዊው ፍሬዲ ሌከር ከረጅም ሙግት በኋላ በ1977 ከለንደን ኒውዮርክ በ59 ፓውንድ ማብረር ጀመረ፤ ሰዉም ለትኬት ተሰለፈ። በ1982 ግን ኩባንያው ዕዳ በልቶት ወደቀ። ትልልቆቹ ተማክረው አነቁት የሚል ክስ ተመሥርቶ፣ ጉዳዩ በ1985 ከፍርድ ቤት ውጭ በገንዘብ አለቀ።

በዚያው በ1985 ራያንኤር 15 ወንበር ባላት አውሮፕላን ከአየርላንዷ ዋተርፎርድ ለንደን መብረር ጀመረ። አውሮፕላኗ ከማነሷ የተነሣ የበረራ አስተናጋጆቿ ቁመታቸው ከ1.57 ሜትር በታች እንዲሆን ይፈለግ ነበር! በዓመቱ በደብሊንና በለንደን መስመር የነባሮቹን ዋጋ ከግማሽ በታች አወረደው። ልብ በሉ፤ በዚህ መስመር የሚመላለሰው ሁሉ ጎብኚ አልነበረም። እንግሊዝ ወርዶ የቀን ሥራ የሚሠራ አየርላንዳዊ ስደተኛ እናቱን ለማየት ሌሊቱን በባቡርና በመርከብ ይንገላታ ነበር። ለእሱ ርካሽ ትኬት ማለት እናቱን ቶሎ ቶሎ ማየት ማለት ነው።

የአውሮፓ ማኅበረሰብ በበኩሉ ሰማዩን በሦስት ዙር፣ በ1987፣ በ1990 እና በ1992 በወጡ ሕጎች ከፈተው። ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ አየር መንገዶች ዋጋቸውን ራሳቸው መወሰን ቻሉ። ከኤፕሪል 1997 ወዲህ የአንዱ አባል አገር አየር መንገድ በሌላው አገር ውስጥ ከከተማ ከተማ መብረር ተፈቀደለት። በሩ ሲከፈት ደጃፉ ላይ የተገኘው የ28 ዓመቱ ስቴሊዮስ ሃጂዮአኑ ነው። በኖቬምበር 1995 ኢዚጄትን በሁለት የኪራይ አውሮፕላኖች ጀመረ፤ ከለንደን ሉተን ግላስጎው በ29 ፓውንድ። የስልክ ቁጥሩን አውሮፕላኑ ጎን ላይ በትልቁ ጻፈው፤ ዋጋውንም ከጂንስ ሱሪ ጋር አወዳደረው። በ2004 ምሥራቅ አውሮፓውያን ኅብረቱን ሲቀላቀሉ ዊዝ ኤር ተከተለ። ሪጋ፣ ክራኮቭና ታሊን ለእንግሊዝ ወጣቶች የዊኬንድ ሰፈር ሆኑ። አውሮፓ ያለው ሐበሻም ሮም ሰርግ፣ ስቶክሆልም ክርስትና እያለ የድርሻውን አነሣ።

ሂሳቡን ማን ከፈለ?

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ትኬቱ ርካሽ ነው፤ ሻንጣው፣ ወንበር መምረጡ፣ ውሃው ለየብቻ ይከፈላል። «ፍራንክፈርት» ብሎ የሸጠላችሁ አየር መንገድ ሃን የሚባል ኤርፖርት ላይ ያወርዳችኋል፤ ከከተማው 120 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። አዲስ አበባ ብሎ ደብረ ብርሃን እንደማውረድ ማለት ነው።

ይህ እንኳ የቀልድ ሂሳብ ነው። ዋናው ሌላ ቦታ ነው የሚወራረደው። ራያንኤር ለሠራተኛ ማኅበራት እውቅና ለመስጠት እስከ 2017 መጨረሻ እንቢ ብሎ ቆየ፤ በ2018 ደግሞ በአብራሪዎችና በአስተናጋጆች አድማ ተናጠ። ቬኒስ በ2024 የቀን ጎብኚን 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። በዚያው ዓመት ባርሴሎና ውስጥ የቤት ኪራይ ያንገሸገሻቸው ሰዎች ቱሪስቶችን በውሃ ሽጉጥ ረጩ። ከአውሮፕላኑ የሚወጣው ጭስም ትኬት ቆርጦ የማያውቀው ገበሬ ማሳ ላይ የራሱን ሂሳብ ይዞ ይመጣል።

የእኛስ ሰማይ?

ይህን ሁሉ አይተን «እንኳን ቀረብን» ማለት እንችላለን። ግን አናደርገውም። የአፍሪካ መንግሥታትም ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት በ1999 ያሙሱክሮ ላይ ተስማምተዋል። በጃንዋሪ 2018 እዚሁ አዲስ አበባ 23 አገሮች የጋራ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ብለው እንደገና አወጁ። የተፈረመው ብዙ፣ የተፈጸመው ጥቂት ነው። ስቴሊዮስ እጁን ያስገባበት ፋስትጄት በ2012 ዳሬሰላም ላይ በ20 ዶላር ትኬት ተነሥቶ፣ በ2018 የታንዛኒያ ሥራው ቆሟል። ወደ አውሮፓ ልሂድ ላለ ደግሞ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ብቻ ከ2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው። ለንደን ያለው ልጅ በዚህ ገንዘብ ሁለት ዊኬንድ ይበራል።

ናይሮቢ ግን ቪዛ አትጠይቀንም። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀትም ለንደን ከፕራግ ካላት ብዙ አይበልጥም፤ በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። አውሮፕላኑም አለ፣ ወጣቱም አለ፣ ቅዳሜም አለች። የደርሶ መልሱን ዋጋ ግን ጠይቃችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ «ቴክኖሎጂ ነዋ!» የሚለውን መልስ የሰጧችሁን ሰዎች ፈልጉና፣ የጎደለን አውሮፕላን ይሁን ፊርማ ጠይቁልን።