ያልተሻገሩት

በደርግ ዘመን በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የገባው ወገናችን ብዙ ነው። የኮሚኒቲያችን ታሪክ ሲነሣም ስለ ተሻገሩት ብዙ ይወራል፤ መሻገር እየቻሉ ስለ ቀሩት ግን ብዙም አይነገርም።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ መውጫ አጥተው አልነበረም። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር እንዲወጡ መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መንጋቸውን በመከራ ጊዜ ጥለው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። ሁለቱ አባቶች በሃይማኖት ሥርዓት ይለያያሉ፤ ገዳያቸው ግን አንድ ነበር።

ይህ ሲባል የተሻገረው ፈሪ ነው ማለት አይደለም። ልጇን አዝላ ኬላ ያለፈች እናትም ያለፈችው በእምነት ነው፤ ጌታም በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰዷል።

የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ 10 ዓመት ታስረው ብዙ ተሠቃይተዋል። ሲፈቱም የባለቤታቸው አፅም የት እንዳለ ገና አልታወቀም ነበር። የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።