ከተራራው ይልቅ ወደቡ

ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ተነጥላ የኖረችው በተራሮቿ ምክንያት ነው ሲባል እንሰማለን። ተራራውና በረሃው አድካሚ መሆናቸው አይካድም፤ መንገደኛውን ግን አላስቀሩትም። ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የተነሡ መነኮሳትና ምእመናን ሱዳንንና ግብፅን አቋርጠው ወይም ቀይ ባሕርን ተሻግረው ለዘመናት ተመላልሰዋል። በ1433 ዓ.ም. ወደ ፍሎረንሱ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የገቡት ኢትዮጵያውያን የተላኩትም ከዚያው ከኢየሩሳሌም ገዳማቸው ነው። ጉዞውን ያከበደው የባሕሩ በር በሌላ እጅ መውደቁ ነው ባይ ነኝ።

ምጽዋን በ1549 ዓ.ም. ቱርኮች ያዙ፤ ኋላ ግብፆች ተተኩ፤ በ1877 ደግሞ ጣሊያኖች ገቡ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ ሳምንታት የሚፈጀው የቅፍለት ጉዞ ወደ ቀናት አጠረ። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር። ዳሩ ግን ሐዲዱ የሚያልቀው ፈረንሳዮች በያዙት ወደብ ነበር። በሚያዝያ 1928 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲሰደዱ በዚሁ ባቡር ወርደው ወደ ሃይፋ የተሻገሩት በእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ የራሳቸው የሚሉት ወደብም መርከብም አልነበራቸውም።

ይህን ያስተዋለ ሰው፣ ከነጻነት በኋላ ገና ያላገገመች አገር ከአሜሪካው የአየር መንገድ ኩባንያ ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውላ አየር መንገድ ለማቋቋም ለምን እንደቸኮለች ይገባዋል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ተነሣ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ፤ ተሳፋሪው ግድግዳውን ተደግፎ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ መካከሉን የታሰረ ጭነት ይይዘዋል።

አውሮፕላንም ቢሆን የሰው ሰማይ ሳያልፍ አይሄድም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያ የመጀመሪያ በረራ ራሱ በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር በነበረችው አስመራ ሳያርፍ አላለፈም። ልዩነቱ አንዱ ሰማይ ቢዘጋ በሌላው መዞር መቻሉ ላይ ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ በኤርትራዋ አሰብ ወደብ ይገባ የነበረው ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞሮ አገሪቱ በአንድ ወደብ ላይ ተንጠለጠለች፤ አየር መንገዱ ግን የአስመራን መስመር አጥቶ በሌሎቹ መብረሩን ቀጠለ።

የአየሩ በር ግን ለሁሉም አልተከፈተም። ፓስፖርት፣ ቪዛና የትኬት ዋጋ ያልተሟላላቸው ወጣቶች ዛሬም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራሉ፤ ሌሎች ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሄዳሉ፤ በመንገድ የሚቀሩትም ብዙ ናቸው።