የአስም ሕመምተኛ «ደህና ነኝ» ሲል

በዛሬው ዝግጅታችን የአስም ሕመም በቁጥጥር ስር መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ከታሪክ ጋር አያይዘን እንነጋገራለን።

እዚህ ጉደር አንድን የአስም ሕመምተኛ «እንዴት ነህ?» ብንለው መልሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ደህና ነኝ የሚለው ዛሬ ስላልተነሳበት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲፈልግ ማደሩን ለእኛ አይነግረንም፤ ሐኪም ዘንድም ሲቀርብ ያው ነው። እናቶቻችንም እንጀራ ሲጋግሩ ደረታቸውን ሲያፍናቸው «የምጣዱ ጭስ ነው» ብለው ያልፉታል።

የጥንት ሐኪሞች ይህን ሕመም በዐረብኛ «ረብው» ይሉታል። ኢብኑ ሲና በ«አል-ቃኑን» ጽፎበታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ደግሞ የካይሮው ሐኪም ሙሳ ኢብኑ መይሙን ስለ አስም ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ በዐረብኛ አዘጋጀ። ኢብኑ መይሙን አይሁዳዊ ሲሆን የሰላሑዲን አል-አዩቢን ሹማምንት ያክም ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ የሚያስገርም አልነበረም። መጽሐፉ የተጻፈለት ታካሚ አንድ መኳንንት ነው። ሕመሙ በዝናቡ ወራት በጉንፋን ይጀምረዋል፣ ቀንም ሌሊትም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከእስክንድርያ ወደ ካይሮ ሄዶ አየር ቢለውጥ ይሻለው እንደሆነም ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ምንም መለኪያ መሣሪያ ሳይኖር ሕመሙ በወቅቱ፣ በቀኑና በሌሊቱ ተገለጸ።

መሣሪያው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃቺንሰን የሳንባን አየር የሚለካውን ስፒሮሜትር እ.ኤ.አ. በ1846 አስተዋወቀ። በ1959 ደግሞ ማርቲን ራይት ሰው አየርን በምን ያህል ኃይል እንደሚያስወጣ የሚያሳየውን ፒክ ፍሎው ሜትር ይፋ አደረገ። መድኃኒቱም አብሮ አደገ። ሆኖም በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የአስም ሞት ጨመረ። ብዙ ተመራማሪዎች ነገሩን ያኔ ከተስፋፋው ጠንካራ የአይሶፕሬናሊን ፓፍ ጋር አያያዙት። እንዲህ ያለው ፓፍ ለጊዜው ያስተነፍሳል፤ የአየር ቧንቧው መቆጣት ግን ከስር እንዳለ ይቆያል። ሕመምተኛው ቀለል ሲለው የዳነ ይመስለዋል።

በ1993 «ጊና» የተባለ ዓለም አቀፍ የአስም ጥረት ተመሠረተ። በ2006 ያወጣው መመሪያ የሕመሙን ቁጥጥር የሕክምናው ማዕከል አደረገው። ዛሬ ሐኪሙ ያለፉትን አራት ሳምንታት አስታውሱ ብሎ አራት ነገር ይጠይቃል። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ቀን ላይ ምልክት ታይቶብዎታል? በአስም ምክንያት ሌሊት ነቅተዋል? የሚያስተነፍሰውን ፓፍ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ወስደዋል? ከሥራ ወይም ከእንቅስቃሴ አግዶዎታል? ሁሉም «የለም» ከሆነ ሕመሙ በቁጥጥር ስር ነው። አንድ ወይም ሁለት «አዎ» ካለ ቁጥጥሩ ከፊል ነው፤ ሦስትና አራት ከሆነ ግን ቁጥጥር የለም ማለት ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበረው መኳንንት በእነዚህ ጥያቄዎች ቢመዘን የሚወድቅ ይመስለናል።

በአገራችንስ? በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ አንድ ሪፈራል ሆስፒታል ክትትል ላይ ካሉት ሕመምተኞች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሕመማቸው በቁጥጥር ስር እንዳልሆነ አሳይቷል። ከዚህ ጋር ተያይዘው ከተገኙት መካከል በማገዶ ማብሰልና ፓፍን በትክክል አለመሳብ ይገኙበታል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲኖራችሁ ፓፋችሁን ይዛችሁ ሂዱና እንዴት እንደምትስቡት በሐኪሙ ፊት አሳዩ።

በረመዳን የመከላከያውን ፓፍ የሚያቆሙም ገጥመውናል። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ በመሆኑ በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ይገባል፤ ሐኪማችሁን ከረመዳን በፊት አማክሩት። በፆም ሰዓት ከተነሳ ደግሞ የሚያስተነፍሰውን ፓፍ ወዲያው መውሰድ ነው። ፆምን ያፈርሳል አያፈርስም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ለታመመ ሰው ግን በሌላ ቀን መፆም በቁርኣን ተፈቅዶለታል።